ይመርን ያደረቀች ካሜራ

እኔ ምልህ፣ ያረጀ ነገር ሁሉ ይጣል ያለው ማን ነው? እንዲያ ከሆነማ መጀመሪያ የምጣለው እኔ ነኝ፤ ቀጥሎ ካሜራዬ።

መካነ ሰላም ላይ ያላነሳሁት ሙሽራ የለም። ዘንድሮ ግን ብርዱ ገባበትና ሻተሩ ሰነፈ። ሻተር ማለት ብርሃን አስገብቶ ጥርቅም የሚለው የካሜራው መዝጊያ ነው። የኔው አንዴ ከተከፈተ መዘጋቱን ይረሳል። ባለፈው አንዷን ሙሽራ ላነሳ ስጫነው ብቻዋን ነበረች፤ ሲዘጋ ልጅ ታቅፋለች። ማመን ያንተ ፈንታ ነው።

ጎረቤቴ ሰይድ ሞባይል ይሸጣል። "ጋሼ፣ ይቺን የዶሮ ማደሪያ አያደርጓትም?" ይለኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! "ያንተ ስልክ ቻርጅ ሲያልቅበት ለዶሮም አይሆን" እለዋለሁ።

በዚህ መሀል አብሮ አደጌ ይመር መጣ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረው ቆይቷል። ልጁ ሀዋ ዓረብ አገር ሥራ ላይ ናት። ዘመድ በስልክ ያነሳውን ፎቶ ልኮላት፣ የአባቷን እጅ እንደሚናጥ ወተት ተበታትኖ ብታየው "ሥራዬን ትቼ መጣሁ" ብላለች።

"ለኔ ብላ እንጀራዋን ልትጥል? ወላሂ አይሆንም!" አለ ይመር። "ቀጥ ብዬ አንሳኝ። እጄንም ኪሴ አልከትም፤ ምን ሰርቄ?"

ይመርን ማቆም አልችልም፤ ሻተሩን ማፍጠን ግን እችላለሁ። ፈጥኖ ከተዘጋ የሚንቀጠቀጥ እጅም የቆመ ይመስላል። ሰይድ ደጃፌ ላይ ቆሞ ሲስቅ፣ ሻተሩን ፈታሁት። ውስጡ ያለው ዘይት በብርዱ እንደ ሙጫ ረግቷል። በቤንዚን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ መዝጊያውን የምትስበውን የላላች ሞላ ጥቂት ወጠርኳት። ከኋላ ዓይኔን ደቅኜ ስሞክረው ብርሃኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንዲያውም ከፍጥነቱ የተነሳ ሳልጫነው መዘጋት ጀምሮ ነበር።

ይመርን ደጅ አቁሜ አነሳሁት። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ እጁ ድንጋይ! አፉ እንኳ፣ ያ የማያርፈው አፉ፣ ተዘግቷል። "ማሻአላህ!" አለ። ሰይድም ሳይወድ ፎቶውን በስልኩ አንስቶ ላከላት።

ወዲያው ሀዋ እያለቀሰች ደወለች። "አባቴ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። እውነቱን ንገሩኝ፤ ሞቶ ነው ያነሳችሁት?"

ይመር ስልኩን ነጠቀኝ። "አብሽሪ፣ አለሁ!" ቢል ድምፁም ተንቀጠቀጠ። "ማንን ነው እሱን አስመስላችሁ የምታገናኙኝ?" አለች። ቪዲዮ ብንከፍትላት ኔትወርኩ እምቢ። ሳምንት ሳይሞላ ሥራዋን ትታ መናኸሪያ ወረደች።

ይመር እስካሁን አኩርፎኛል። ልጁ ዓረብ አገር የቀረበት አዛውንት ሁሉ ግን ደጃፌ ላይ ተሰልፎ፣ "እኔንም እንደ ይመር አድርቀህ አንሳኝ" ይለኛል።