ጉዳት የሌለው አፈር

የሰው ልጅ ከአፈር ተፈጠረ ይባላል። አፈርን የሚያጠናው የተከበረ ቢሮ ግን የተፈጠረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የጎማ መጠገኛ ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ጊዜው በፈረንጆች 2007፣ የዩራኒየም ዋጋ ሰማይ የነካበት ዓመት ነበር። አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ ከከተማዋ ርቆ ካለ ሸለቆ ዩራኒየም ለማውጣት አሰበና፣ የአፈሩን ጠባይና በአካባቢው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እንዲያጠናለት ይህንኑ ቢሮ መረጠ።

የቢሮው ብቸኛ የአፈር ባለሙያ ተክለወልድ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ ጅቡቲ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማሳል ተማረ። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው በዳይሬክተሩ ፊርማ ስለሆነ፣ ያልተዋጠለት ነገር ሲገጥመው ይስላል እንጂ አይከራከርም። ዳይሬክተሩ ሙሴ ሙሐመድኑር ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛቸው እንደ ማር የሚጣፍጥ ሰው ናቸው።

ሁለቱ ለታላቁ የመስክ ጥናት በሰኔ ሙቀት ተነሡ። የዶራሌን ወደብ አልፈው በከባድ መኪኖች መሐል እየተሽሎከለኩ ሳለ የመኪናቸው ማቀዝቀዣ አንዴ ተንፍሶ ሞተ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ፀሐይዋን፣ ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ። ጫት ማዕከላዊ ገበያ የሚደርስበት ሰዓት እየቀረበ ነበር።

"ተክለ፣ ሸለቆው ገና ብዙ ይቀረዋል?"

"ገና ምኑ ተነካና፣ ክቡር ዳይሬክተር።"

"የዚያ አፈር ከዚህኛው በምን ይለያል?"

"እሱን ለማወቅ እኮ ነው የምንሄደው።"

"እንግዲህ ካላወቅን፣ ይለያል ብለን ለምን እናስወራለን? ይኼ የአፈር ስም ማጥፋት ነው!"

ከመንገዱ ዳር አንድ የታጠረ ቦታ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ቪላ የሚሠሩበት የራሳቸው ግቢ። ጥናቱ እዚያው ተካሄደ። ተክለወልድ እየሳለ ቆፈረ፣ እየሳለ ጠርሙሶቹን ሞላ፤ የሙያ አመል ሆኖበትም የቦታውን ትክክለኛ መገኛ በሳተላይት መሣሪያ ወስዶ ጠርሙሶቹ ላይ ጻፈ። ጫቱም ሳያመልጣቸው ተመለሱ።

የወጣው ጥናት ለመጪው ትውልድ የሚተርፍ ነበር። "አቧራን በተመለከተ፦ ነፋሱ ወደ ባሕር ስለሚወስደው ለባሕር የተተወ ጉዳይ ነው። ነዋሪዎችን በተመለከተ፦ አርብቶ አደሮቹ ተንቀሳቃሽ በመሆናቸው ይንቀሳቀሳሉ። በጥቅሉ አፈሩ ጉዳት የለውም።" ዳይሬክተሩ ፈረሙበት።

ሕዝብ እንዲወያይበት በተጠራው ስብሰባ ላይ ግን ሁዳ የተባሉ አፋር እናት ከሸለቆው ድረስ መጥተው ኖሮ እጃቸውን አወጡ። ያሉት በአስተርጓሚ ተነገረ።

"የውኃ ጉድጓዳችንስ? እኔም ፍየሎቼም የምንጠጣው ከእሱ ነው።"

"እናቴ፣ አይስጉ" አሉ ዳይሬክተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ውኃችሁ በጣም ትንሽ ነው። ለመበከል እንኳ አይበቃም።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ሁዳ ግን ወደ ተክለወልድ ዞሩ።

"አንተ ልጄ፣ ጉድጓዳችንን አይተኸዋል?"

ተክለወልድ ማሳል ጀመረ። ማቆም ስላቃተው ውኃ አመጡለት፤ የታሸገ ውኃ። እየጠጣ ዐይናቸውን ማየት አልቻለም።

የአፈሩ ምርመራ ውጤት ከባሕር ማዶ መጣ፦ ዩራኒየም አለ! ኩባንያው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቦታ ይዞ መቆፈሪያውን አስነሣ። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ከቪላቸው በር ላይ ስልክ ደወሉ።

"ተክለ! ሳሎኔን ሊቆፍሩት ነው!"

"አፈሩ ጉዳት የለውም ተብሏል፣ ክቡር ዳይሬክተር።"

"ማን ነው እንዲህ ያለ ጥናት የጻፈው?"

"የፈረሙት እርስዎ ነዎት።"

"ሌላ ጻፍ! አሁኑኑ! አቧራው ይገድላል በል። እኔ የልጆች አባት ነኝ!"

ተክለወልድ ተቀምጦ ጻፈ። አፈሩ ጨዋማና ስስ መሆኑን፣ ቅርፊቱ አንዴ ከተሰበረ ነፋሱ መርዙን ተሸክሞ ቤት ለቤት እንደሚዞር፣ ከማዕድኑ የሚተርፈው ዝቃጭ በጎርፍ ጊዜ ከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ እንደሚሰርግ ጻፈ። በየመስመሩ እውነት ነበር። ብዙ ዓመት ያላየውን ወዳጅ ያገኘ ያህል ደስ አለው። አንድም ጊዜ አልሳለም።

የኩባንያው ተወካይ፣ ፈረንጅ ቢሆንም የማያሳብቅ ፊት ያለው ሰው፣ ቢሮ መጥቶ ጥናቱን እስከ መጨረሻው አነበበ።

"አሳማኝ ነው" አለ። "እንግዲያው ወደ ሸለቆው እንመለሳለን። ለዚያ እንኳ ጉዳት የለውም የሚል ጥናት አለን።"

"ግሩም ሐሳብ!" አሉ ዳይሬክተሩ ላባቸውን እየጠረጉ።

ተክለወልድ ሳል መጣበት። ጉሮሮው ድረስ ደረሰ። ዋጠውና ተናገረ።

"ሁለቱም ጥናት የተሠራው በቪላው ግቢ አፈር ነው። ሸለቆውን ማናችንም አላየነውም።"

ዳይሬክተሩ ዐይናቸውን አጉረጠረጡ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ተስፋ እዚያው ተበጠሰ። ተወካዩ ግን ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ።

"አንድ አፈር ነው። ጉዳት አለው ወይስ የለውም? እርስዎ ይበሉኝ።"

ዳይሬክተሩ ሸለቆውን አሰቡ፤ እዚያ የሚያውቁት ሰው የለም። ቪላውን አሰቡ፤ እብነ በረዱ ገና መነጠፉ ነበር።

"አለው!" ብለው ጮኹ። "እዚህም አለው! ሸለቆውም ውስጥ አለው! አገሩን ሞልቶታል!"

ኩባንያው ዕቃውን ሸክፎ፣ ጠባዩ የተመሰገነ አፈር ወዳለበት ሌላ አገር ሄደ። ሙሴ ሙሐመድኑር ሸለቆውን ከጥፋት በመታደጋቸው "የተፈጥሮ ባለአደራ" ተብለው ኒሻን ደረታቸው ላይ ተደረገላቸው። ተክለወልድም ተባረረ፤ ምክንያቱም ናሙና ከማይገባ ቦታ መውሰዱ ነው።

ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ያጠናውን ሸለቆ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ሁዳ ራሳቸው ከጉድጓዱ ቀድተው ሰጡት። ውኃው ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ደግመው ቀዱለት፤ ደግሞ ጠጣ።

ሲመለስ መኪናው በቪላው በር አለፈ። አጥሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ "ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ፤ መቆፈር በሕግ ያስቀጣል።" ከአጥሩ በስተጀርባ አንድ ትልቅ መቆፈሪያ አቧራውን እያቦነነ ይምሳል።

"ማዕድን ተገኘ እንዴ?" አለ ሾፌሩ።

"የለም" አለ ተክለወልድ መስኮቱን እየዘጋ። "ባለአደራው መዋኛ እያስቆፈሩ ነው።"