መሪ ያልጨበጡት ሹፌር

በየቤተሰቡ መሪ ጨብጦ የማያውቅ አንድ ሹፌር አለ። የሌለበት ቤተሰብ ከተገኘ በእግሩ የሚሄድ መሆን አለበት። ለእኛ ቤት የደረሱን ክቡር አጎቴ ናቸው፤ ሙያቸው ልብስ ስፌት፣ መቀመጫቸው ጋቢና።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ነፋሱ ፀጉሬን እያጫወተው፣ እያንጎራጎርኩ ብቻዬን መንዳት ነበር ሕልሜ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሦስተኛውን ከወደቅኩ ሥልጠናው እንደገና ከሀ ሊጀመር ነው። አጎቴ ይህን እንደሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መንዳት ይችላሉ እንዴ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ ይጠየቃል?»

አልዋሹም። መኪናው የልብስ ስፌት መኪና መሆኑን ብቻ ነው የዘለሉት።

በእናቴ አሮጌ መኪና ባዶ ሜዳ ላይ ዞርን። እኔ መሪ እይዛለሁ፤ እሳቸው ወለሉን ይረግጣሉ። ፍሬኑ በእኔ በኩል መሆኑን ለማመን ሳምንት ፈጀባቸው። «ጠርዙን ይዘሽ ውረጂ! እዚህ ጋ እጠፊ! ኧረ ቀስ፣ ጨርቁ ተጨማደደ!» ስደናገር ደግሞ ያዜሙልኛል፦

ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤
እኔስ አርጅቻለሁ፣ መኪናዋን ጠብቂ።

ሁለት ጊዜ የጣለኝ በሁለት እንጨት መሃል ወደ ኋላ ገብቶ ማቆም ነበር። «ይሄማ ኪስ መስፋት ነው» አሉኝ። «በደንብ ለክተሽ፣ ከዚያ አንዴ! የተወላገደ ኪስ ይዞ ማን አደባባይ ይወጣል?»

የፈተናው ቀን ፈታኙ ጭጭ ያለ ሰው ሆነ። የሚጮህብኝ ሰው ስላጣሁ መንዳቱ ራሱ ጠፋኝ። እንጨቶቹ ጋ ስንደርስ ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ፣

«ኪስ ልሰፋ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

ለካሁ። አንዴ ገባሁ።

ፈታኙ «አልፈሻል» አለኝና ወረቀቱን ይዞ አጎቴ ወደሚጠብቁበት በረንዳ አብሮኝ ወጣ። «ጎበዝ ናት። እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ሰው ናቸው። ደረታቸውን እስኪነፉ ጠበቅኩ። አጎቴ ግን ገና ያልተፈረመውን ወረቀት አዩ፣ እስክሪብቶውን አዩ።

«ኧረ እኔ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ጌታዬ። መንዳት የሚባል ነገር በዞረበት አልዞርም።»

ፈታኙ ፈርሞ ሄደ። እኔ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬን ለቀቅኩት።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» ብለው ጮኹብኝ። «ፊት ለፊትሽን እዪ እንጂ!»