የቡ የሄደው ሚሞሪ

ያዘው! ኧረ ያንን ሚኒባስ ያዙልኝ! አንተ ደግሞ ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ሩጥ እንጂ! ሌባ አይደለም የማባርረው። ሌባ ቢሆን እንዲህ አልሮጥም፤ ሌባ የሚወስድብኝ ነገር ምን አለኝና? ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ናት። የሀጂ ነስሩ ህትመት ቤት ታሪክ በሙሉ፣ የእኔ ወንበርም ጭምር፣ እሷ ላይ ተጭኖ ወደ የቡ ከተማ እየሄደ ነው።

አልደረስኩበትም። እንግዲህ ትንፋሼ እስኪመለስ አንድ ነገር ላጫውትህ። ሰው በማያውቀው ቃል አይጣላም። የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ይጠይቃል፣ ወይም እንደ እኔ ያወቀ መስሎ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። መከራ የሚያመጣው የሚያውቀው ቃል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ይዘው አንዱ ወደ ሰቃ፣ ሌላው ወደ የቡ ያስባሉ፤ ከዚያ «ተግባብተናል» ተባብለው ይለያያሉ። ትዳር የሚፈርሰውም እንዲሁ ነው ይባላል። እኔ አላገባሁም፣ የሰማሁትን ነው።

እኔን ያሯሯጠችኝ ቃል «ሚሞሪ» ትባላለች።

ከሚሞሪ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ትምህርት ያቆምኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ ወይም ትምህርት እኔን አቆመኝ፣ አከራካሪ ነው። ከዚያ ጂማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ሚሞሪ ሞይ ሆንኩ። ታስታውስ የለ? ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፤ መንዙማ በለው፣ የኦሮምኛ ዘፈን በለው፣ የህንድ ፊልም በለው፣ እንደ ጆንያ እስከ አፉ ጠቅጥቄ እሰጠዋለሁ። በኋላ ኢንተርኔቱ በረከሰ ጊዜ ሰው የገዛ ጆሮውን ራሱ መሙላት ጀመረ። በጂማ ምድር ሚሞሪ የሚያስሞላ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ፤ ቶፊቅ የሚባል የየቡ መስመር ሚኒባስ ሹፌር። «ኔትወርክ መንገድ ላይ ይከዳሃል፣ ሚሞሪ ግን አይከዳም» ይላል። አይከዳም! ቆይ፣ ትሰማለህ።

ሥራው ሲሞት ሀጂ ነስሩ ህትመት ቤት ገባሁ። ባነር፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሰርግ ጥሪ ካርድ እንሠራለን። የሰውን ልጅ ባሕርይ የተማርኩት እዚያ ነው፤ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ ማንም አልነገረኝም። ደንበኛ ይመጣል፣ ትሠራለታለህ። ቀዩን አረንጓዴ አድርገው ይልሃል። ጽጌረዳ ጨምርበት። ኧረ ጽጌረዳው በዛ። የአጎቴ ስም የታለ? አጎትየውን ታስገባለህ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አገጩን ይዞ ትንሽ ያስብና «አቦ፣ የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ይላል። የመጀመሪያው የታለ? አጎትየው በልቶታል!

ስለዚህ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሌሊቱን ከቀን ሳልለይ፣ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ። የምትለውጠውን ሁሉ ሳይጥል ያስቀምጣል፤ «ያኛውን አምጣ» ስትለው ያመጣል። ስሙን «ድሮ» አልኩት። አብሮኝ የሚሠራው ዲዛይነር ፉአድ «ዱራ» በለው ብሎ ተከራከረኝ። በኦሮምኛ ዱራ ማለት በፊት ማለት ነው። ችግሩ ያው ዱራ ከፊት ለፊቱ «ፉላ» ስትጨምርበት ወደፊት ይሆናል። ያለፈውን ለሚፈልግ ሰው የሚመጣውን አውጥተን ብንሰጠውስ? የሰው እጣ ፈንታ ውስጥ መግባት አልፈለግኩም። ድሮ ብለን ተውነው።

ድሮ ሲወለድ እንደ ባጃጅ ይበር ነበር። እየቆየ ግን ወፈረ። የሁሉም ደንበኛ ለውጥ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ይከማቻል፤ እና አንዲት የቆየች ካርድ አምጣ ስትለው፣ ድሮ ያን ሁሉ ፋይል ከእግር እስከ ራሱ አንብቦ ወደ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ ይገለብጣል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ ያቃስታል። ደንበኛው ያዛጋል። ሀጂ ደንበኛውን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ኮምፒውተሩን ያያሉ። በመጨረሻ ጠሩኝና «ሙባረክ፣ ይሄ ነገርህ እስከ ጁምዓ ካልፈጠነ ነቅለህ ትወስደዋለህ። አንተም አብረኸው ትሄዳለህ፣ ለብቻው እንዳይጠፋ» አሉኝ። የሀጂ ቀልድ እንዲህ ነው። የምትስቀው ቤትህ ከገባህ በኋላ ነው፤ እሱንም ከተባረርክ በኋላ።

አንተ ወንበር ብቻ ይመስልሃል። እኔ አንድ ቦታ ተቀምጬ የማላውቅ ሰው ነኝ። እግሬ አርፎ አያውቅም፤ እናቴ «ይሄ ልጅ መንገድ ላይ ነው የተወለደው» ትላለች። በሕይወቴ ተቀምጬ ያልሰለቸኝ ወንበር ያ ብቻ ነው። እንግዲህ እሱም ሊወሰድብኝ ነው።

ስፈልግ ስፈልግ መድኃኒቱን አገኘሁት። ሚሞሪ ማፕ ይሉታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቡና ነጋዴ አይተህ ታውቃለህ? ጆንያ ውስጥ ያለውን ቡና ለማየት ጆንያውን መሬት ላይ ይዘረግፋል እንዴ? አይዘረግፍም። ውስጡ ክፍት በሆነ ሹል ቆርቆሮ ጎኑን ወጋ ያደርገዋል፣ ከፈለገው ቦታ እፍኝ ትወርድለታለች፣ አይቶ ያልፋል። የእኔ ድሮ ግን እፍኝ ለማየት ጆንያ ሲዘረግፍ ኖሯል። ማፕ ስታደርገው ፋይሉ ባለበት ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ሚሞሪው ውስጥ እንዳለ ይቆጥረዋል፣ ግን የነካኸውን ገጽ ብቻ ያመጣል። ሌላው አይነካም፣ አይለፋም። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ክፍሏን ዞርኳት። እንደዚያ ያለ ስንፍና ጥበብ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ጻፍኩት። ሞከርኩት። ገና አምጣ ሳልለው የሚያመጣ መሰለኝ።

ጁምዓ ጠዋት ሱቅ ሳልደርስ ለፉአድ ደወልኩ። ቸኩያለሁ፣ እየሮጥኩ ነው። «አዲሱን ድሮ ክፈተው፣ ፋይሉ ሚሞሪ ላይ መሆኑን እይልኝ» አልኩት፤ የኮምፒውተሩን ሚሞሪ ማለቴ ነው። ፉአድ ታማኝ ሰው ነው። አየ። ፋይሉ ሚሞሪ ላይ የለም! ሚሞሪ ማንበቢያው፣ ካርድ ሪደሩ ላይ የተሰካችው የቶፊቅ ሚሞሪ ናት፣ ዘፈን ልትሞላ የመጣች፤ እሷ ላይ ቢፈልግ ቢፈልግ ፋይል የለም። ታዲያ ምን ያድርግ? ወሰደና አስገባው። ቦታ ጠበበው፤ የቶፊቅን ዘፈኖች አጠፋቸው። ኮፒ ማድረግ ሲችል ከት አድርጎ ከኮምፒውተሩ ነቀለው፤ ድሮንም ፋይሉን ከዚያ ክፈት አለው። በኋላ ለምን ብዬ ብጮህበት «ሁለት ቦታ ሆኖ ኮምፒውተሩ ግራ እንዳይጋባ ብዬ ነዋ፣ ወላሂ!» አለኝ። ለኮምፒውተሩ አዝኖ ነው።

ስደርስ አባ ፊጣ ከሀጂ ጋር ቆመዋል። አባ ፊጣ የየቡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን እሁድ ይድራሉ፤ ጥሪ ካርዱን ዛሬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ሊያድሉ ነው። እንደ ባሕላችንም የመጀመሪያውን ነው የሚፈልጉት። በልቤ ቢስሚላህ ብዬ ድሮን አዘዝኩት። ዐይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ካርዱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሀጂ «ማሻአላህ!» አሉ። ሀጂ ማሻአላህ የሚሉት ለልጅ ልጆቻቸውና ለዝናብ ብቻ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ተንሰራፋሁ።

በዚህ መሐል ከውጭ ጥሩምባ ይጮሃል። ቶፊቅ ሚኒባሱን ሰው እንደጫነ አቁሞ ዘው አለና፣ ጀርባውን የሰጠውን ፉአድን «ሞላ?» አለው። ፉአድ ምን ይበል? ውሸት አያውቅም። «ሞልቷል» አለ። ቶፊቅ ሚሞሪውን መዝዞ ወጣ።

እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት የካርዱን ጀርባ ልከፍት ስል ሁሉ ነገር ጭልም ማለቱን ነው። ጥቁሩ መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ «ባስ ኤረር» ይላል። ፉአድ በትከሻዬ አሻግሮ አነበበና «ባስ ላይ ስህተት አለ ነው የሚለው» አለ። ሳቅኩበት። ከት ብዬ ሳቅኩበት! ፋራ አልኩት። ሀጂና አባ ፊጣ ፊት እጄን እያወናጨፍኩ ማስረዳት ጀመርኩ፦ በኮምፒውተር ቋንቋ ባስ ማለት መኪና አይደለም፣ መረጃ የሚመላለስበት የውስጥ መንገድ ነው፣ ይህን ለመረዳት ትንሽ ማንበብ ይጠይቃል… ብዙ ተናገርኩ። አባ ፊጣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ስለ ውስጡ ባስ ሳብራራ የውጭው ባስ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ዐይኔ ካርድ ሪደሩ ላይ አረፈ። ባዶ። «እዚህ የነበረው ሚሞሪ የታለ?» አልኩ። ቶፊቅ ወሰደው አለኝ። «ፋይሉስ?» ሚሞሪው ላይ ነው፣ አንተ አይደለህ ያልከኝ? «ቶፊቅስ የታለ?» ፉአድ በጣቱ ስክሪኑ ላይ «ባስ» የሚለውን አሳየኝ።

አንተ ያየኸኝ ከዚያ በኋላ ስሮጥ ነው፤ ካንተ ከተለየሁ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስማ።

ቶፊቅ ጋ ብደውል አያነሳም። መናኸሪያ ስደርስ አባ ፊጣም ከኋላዬ መጡ፤ ለእሳቸው ወደ ቤት መመለስ ነው፣ ለእኔ ወደ ፍርድ። የሚቀጥለው ሚኒባስ ረዳት «የቡ አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ ይጮሃል። ገብተህ ስታይ ግማሹ ባዶ ነው። የሞላ! ይሄ ቃል ዛሬ ሊገድለኝ ነው። እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ፣ መንገዱን አያለሁ። አባ ፊጣ «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ተቀመጥ እንጂ። አንተ በቆምክ ቁጥር አንድ ወንበር ባዶ ይመስላል፣ በዚህ አያያዝ መቼም አይሞላም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እውነትም ሞላ።

መንገዱ ላይ ግራና ቀኝ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች እየዞሩ ያገላብጡታል፤ አንዳቸውም አልቸኮሉም፣ ሹፌሩም አልቸኮለም። አባ ፊጣ ሚሞሪው ላይ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። የሠራነው የሰርግ ካርድ ሁሉ፣ ከነለውጡ አልኳቸው።

«የሁሉም ሰው?»

«የሁሉም፣ አባ።»

«የተፋቱትም?»

«የተፋቱትም አለ።»

«እንዲያ ከሆነ ቢጠፋስ?» አሉኝ። ሰው አንድ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን በመስኮቱ የቶፊቅን ሚኒባስ እፈልጋለሁ። ያ ፋይል ከጠፋ ሀጂ የሚያባርሩኝ ድሮ ስለዘገየ ሳይሆን ቤታቸውን ስላራቆትኩ ነው። በዚህ ከተማ ደግሞ የአንድ ህትመት ቤት ወሬ ሌላኛው ጋ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይሄን ነው። እኔ ግን ሲፈታም እየሮጥኩ ነው።

የቡ መናኸሪያ ቶፊቅን አገኘሁት። ሚኒባሱ ጸጥ ብሏል፣ እሱ ግን ይጮሃል። «አንተ ሙቤ! ሚሞሪዬ ላይ ምንድነው የሞላህበት? ቴፑ ሲፈልግ ሲፈልግ አንድ ዘፈን አጣ! ከጂማ እስከዚህ ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ለካ ሰው መኪና ውስጥ ያወራል! አንዷ ጭራሽ ስለ አነዳዴ ነው የምታወራው!» ይቅርታ ብዬ ሚሞሪውን ጠየቅኩት። «ጫልቱ ጋ ሰጠሁት» አለኝ። ጫልቱ ማን ናት? እዚያ ማዶ ሞባይል ጠጋኝ። «ፎርማት አድርገሽ እንደገና ሙይልኝ ብያታለሁ።»

ፎርማት! ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት! ይህን ቃል ሁላችንም በአንድ ትርጉም የምናውቀው ለምን ይሆን?

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። አንድ ባጃጅ ሰድቦኛል፣ በምን እንደሰደበኝ አልሰማሁትም። ጫልቱ ጠረጴዛዋ ጋ አገጯን በመዳፏ ይዛ ተቀምጣለች። ስክሪኗ ጥቁር ነው። ቆሜ ቀረሁ። «አልቋል?» አልኳት።

«ምን ያልቃል፣ መብራት የታለና» አለችኝ። «ወንድሜ፣ አንድ እሺ መጫን ሲቀረኝ ነው ድርግም ያለው።»

እድሜ ልኬን መብራት ሲጠፋ የተናገርኩትን እርግማን ሁሉ እዚያው ወደ አፌ መለስኩት። አልሃምዱሊላህ! ሚሞሪውን ለመንኳት፤ ባለቤቱ ይምጣ አለች፣ ልክ ናት። ቶፊቅ መጣ፤ ዘፈኖቼስ አለ፣ እሱም ልክ ነው። ስልኬን ፈታሁና የራሴን ሚሞሪ ከነዘፈኖቹ አውጥቼ ሰጠሁት። ገልብጦ አይቶ «ሞልቷል?» አለኝ። ከመመለሴ በፊት ቃሉን ሁለት ጊዜ አሰብኩበት።

አባ ፊጣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አዛኑ ተሰምቷል። ካርዱን ዛሬ ማድረስ እንደማልችል እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። «ሰው ካርድ አይበላም» አሉኝ። «በአፌ እጠራለሁ። አባቴም በአፉ ነው የጠራው፣ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ያልተጠራውም ሳይቀር። አንተም እሁድ ና» ብለው ወደ መስጊዱ አቀኑ።

ሚሞሪዋን ኪሴ ከትቼ፣ ኪሴን በእጄ ይዤ፣ ሀጂ ጋ ደወልኩ። አንድ ፊደል አልጠፋም አልኳቸው። ስለ ሚሞሪውና ስለ ሚሞሪው ልዩነት አስረዳሁ። ፍጥነቱን ራስዎ አይተዋል አልኩ፣ ማሻአላህም ብለዋል አልኩ።

«ወንበርህ ላይ ማንም አልተቀመጠም፣ ና» አሉኝ። «ግን አንድ ነገር ንገረኝ ሙባረክ። እኔ ይፍጠን አልኩህ እንጂ፣ ይሂድ መቼ አልኩህ?»