እትዬ ውብአየሁ ያዘዙት ኪኒን

በየሰፈሩ ማንም ያልሾማት፣ ማንም የማይሽራት አንዲት ሐኪም አለች። እንጅባራ ላይ፣ ፀደይ ባደገችበት ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ውብአየሁ ናቸው። ሕክምና አልተማሩም፤ ታመው ግን ያውቃሉ። ይኼ ለእሳቸው ከበቂ በላይ ነው።

አሠራራቸው ቀላል ነው። የታዘዘላቸውን ኪኒን እስኪሻላቸው ይውጣሉ፤ የተረፈውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በሽተኛ ፍለጋ ይወጣሉ። «እኔን አንስቶኛል፣ አንተን የማያነሳህ ምን ስለሆንክ ነው?» ይላሉ። ባጃጅ ነጂው አዝመራው ጥርሱን ቢያመው የጨጓራ ኪኒን ሰጡት። ጥርሱ አልተሻለውም፤ «ጨጓራህስ?» ሲሉት ግን ደህና መሆኑን አመነ። ይኸው እስከ ዛሬ «አዳንኩት» እያሉ ያወራሉ።

ፀደይ ባሕር ዳር ፋርማኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ስታጠና ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ለፋሲካ ቤቷ ስትመጣ እትዬ ውብአየሁ እንደ ሥራ ባልደረባ ተቀበሏት። «እስቲ በኛ ሙያ ምን አዲስ ነገር አለ?» አሏትና መልሱን ሳይጠብቁ ስለ ጉሮሮ ያስተምሯት ጀመር። በዓሉን ሙሉ ዶሮዋን እየበላች ትምህርት ስትከታተል ሰነበተች።

እስከዚህ ያስቃል። በመመለሻዋ ጠዋት ግን ሻንጣዋን ስትዘጋ እናቷን አዞራትና ግድግዳ ይዛ ቆመች።

«እማዬ! የደም ግፊት ኪኒንሽን አልወሰድሽም እንዴ?»

«ሳያመኝ ምን ብዬ እውጣለሁ? ውብአየሁ ለክፉ ቀን አስቀምጪው አለችኝ፣ አስቀመጥኩት።»

ባለፈው ወር የታዘዘው ኪኒን ሳይነካ ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፀደይ አውጥታ ዘረጋችላት። «በኋላ» አለች እናቷ።

ፀደይ በንዴት ብው ብላ ጎረቤት፣ እትዬ ውብአየሁ ቤት ገባች። ስለ ልብ፣ ስለ ኩላሊት፣ ደም ግፊት ሳያሳምም እንደሚገድል፣ የተማረችውን ሁሉ ዘረገፈችው። መምህሯ ቢሰማት ሙሉ ማርክ ይሰጣት ነበር። እትዬ ውብአየሁ ድንች እየላጡ አዳመጡና «እናንተ ልጆች መጽሐፍ ታበዛላችሁ» አሉ።

ነገ የቃል ፈተና አለባት። እናቷ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፤ የምትሰማውም ጎረቤቷን እንጂ ልጇን አይደለም። ፀደይ እዚያው በር ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እንግዲያው አልሄድም፣ እትዬ። እናቴ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ትምህርቱ ይቅርብኝ።»

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። ሰፈሩ ፀደይን «ዶክተራችን» ብሎ እንዲጠራት ያደረጉት እሳቸው ነበሩ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ስለ እሷ ያወራሉ። ሲናደዱ እንደሚያደርጉት ወደ አገውኛ ተሻገሩና ራሳቸውን ይሁን ልጅቷን ባይለይም ክፉኛ ተሳደቡ።

«እኔ እያለሁ ማን ነው ትምህርት የሚያቋርጠው? መቼ ነው የምትውጠው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁልጊዜ ጠዋት። ቢሻላትም ባይሻላትም።»

«ቢሻላትም?» ይኼ ከሙያቸው ጋር የሚጋጭ ነገር ነው። እንደምንም ዋጥ አደረጉት። «እሺ፣ ተነሽ።» ቦርሳዋን ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ሸኟት።

ሚኒባሱ ዳንግላ ሲደርስ ስልኳ ጮኸ። እትዬ ውብአየሁ ኔትወርክን ስለማያምኑ የሚያወሩት በጩኸት ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ።

«ውጣለች! ፊቴ ነው የዋጠችው! እንዳታታልለኝ አፏን አስከፍቼ ከምላሷ ሥር ሳይቀር አይቻለሁ! ነገም እንዲሁ ነው!»

«ኧረ ፀደይ፣ ገላግይኝ!» አለች እናቷ ከኋላ።

ፀደይ ደረቷ ቀለል አላት። እንዲህ ያለች ጨቅጫቃ ሴት በየቤቱ ብትታደል ደም ግፊት ከአገር ይጠፋ ነበር ብላ አሰበች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። በጣም ነው የምወድዎት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ ፈተናሽን በደንብ ተፈተኚ። ደግሞ የቦርሳሽን ኪስ እይው፤ ጥናት በዝቶ ራስሽን ሲያምሽ ትውጫለሽ።»

ኪሱን ከፈተች። በጨርቅ የተቋጠረ የጨጓራ ኪኒን ነው። ሙያዋ እዚያው እንድትጥለው ያስገድዳታል። እየሳቀች መልሳ ቋጠረችው።