ወይዘሮ እኔ ልያዝልህ

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም፤ በደግነቱ ብዛት ሰው የሚያሽመደምድ። ጉንፋን ቢይዝህ ብርድ ልብስ እየደራረበ ያፍንሃል። እግርህ ወለም ቢልህ ሁለተኛ እንዳትራመድ አድርጎ ያስታምምሃል። እንዳትቆጣው ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እንዳታመሰግነው ፋታ አይሰጥህም።

በማገገሚያው ማዕከል የአካል እንቅስቃሴ ክፍል የምትሠራው ባለሙያ በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለውን ሰው በብዛት አይታለች። እንደ ክብርት ወይዘሮ እኔ ልያዝልህ ያለ ግን አልገጠማትም። ስሙን ያወጡላቸው ታካሚዎቹ ናቸው፤ ቃሉ ከወይዘሮዋ አፍ አይለይማ።

ወይዘሮዋ የሚመጡት ታናሽ ወንድማቸውን ይዘው ነው። ወንድምየው አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ዝሎ ቀረ። ድሮ ብቻውን ይኖር ነበር፣ ከታመመ ወዲህ ግን እህቱ ቤት ነው። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል፦ በወሩ መጨረሻ ሸሚዙን በራሱ እጅ ቆልፎ ካሳየ ወደ ቤቱና ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል፤ ካልሆነ እዚያው እህቱ ዘንድ ይቆያል። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ የሸሚዙን ቁልፎች አየ። ሰባት ናቸው።

ባለሙያዋ የምታምነው በጨዋታ ነው። አንድን ሽማግሌ «እጅዎን አሥር ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ» ብትለው ሦስተኛው ላይ ያዛጋል። ጎረቤቱን እንዲያሸንፍ ብትነግረው ግን ምሳውንም ይረሳል። ስለዚህ በክፍሏ ውስጥ ፊኛ በመዳፍ ይለጋል፣ ቀለበት ወደ ጠርሙስ አንገት ይወረወራል፣ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ በመሰካት ውድድር ይካሄዳል። ጡረተኛው ሾፌርና ጡረተኛዋ አስተማሪ በአንድ ፊኛ የተነሳ ሁለት ቀን ተኮራርፈዋል። የአስተማሪዋ ክንድ ከትከሻቸው በላይ መውጣት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው።

እዚህ መሃል ነው ወይዘሮዋ የገቡት። ፊኛው ወደ ወንድማቸው ሲመጣ ዘለው ፊቱ ተደቀኑና መለሱት። «እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉ። ፊኛ! ቀለበቶቹን ከእጁ ተቀብለው አምስቱንም ጠርሙሱ ላይ አጠለቁና «ወንድሜ አንደኛ ወጣ!» ብለው ለራሳቸው አጨበጨቡ። ብርጭቆ ሲያነሳ «እኔ ልያዝልህ»፣ መነጽሩን ሲያወልቅ «እኔ ልያዝልህ»። አንድ ቀን ሲያዛጋ አፉን በመዳፋቸው ሸፈኑለት።

«እማማ፣ እስቲ እሳቸው ይሞክሩት» ትላለች ባለሙያዋ።

«ውይ ልጄ፣ ሲደክመው እያየሁ? አንጀት የለሽም?»

«እዚህ የሚመጡት እኮ እንዲደክማቸው ነው።»

«ደክሞትማ ነው የመጣው!»

አንድ ቀን በዘዴ ከክፍሉ አስወጣቻቸው። ወይዘሮዋ በበሩ መስታወት ተለጥፈው «ወደ ቀኝ! ከፍ! ዝቅ!» እያሉ በእጃቸው ምልክት ሲሰጡት፣ ሰውዬው እሳቸውን እያየ ቀለበቱን የሾፌሩ ጭን ላይ ጣለው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ቀኝ እጁ አሁንም ሰው ረስቶት እንደሄደ ዕቃ ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ባለሙያዋ ወይዘሮዋን ከሩቅ ስታይ ጥርሷን መንከስ ጀመረች።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ትዕግሥቷ አለቀ። «መጫወት ካማረዎት ይጫወቱ!» አለችና በወንድማቸው ትይዩ አስቀመጠቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ተጋጣሚያቸው ነዎት።» ለእያንዳንዳቸው አንድ ገመድ፣ ሃያ መቆንጠጫ፤ በቀኝ እጅ ብቻ፣ ቀድሞ የጨረሰ አሸናፊ።

ልብስ ሰፊው የመጀመሪያዋን መቆንጠጫ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለመጭመቅ ላብ በላብ ሲሆን፣ ወይዘሮዋ የራሳቸውን ገመድ ትተው እሱ ገመድ ላይ ይሰኩለት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ተጋጣሚ ሆነውም አላረፉም!

«እንዲህ ያለ ተጋጣሚማ ለኔም ይስጠኝ!» ብሎ ሾፌሩ ሳቁን ለቀቀው።

ልብስ ሰፊው ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ አንሺልኝ!»

«ምናለበት፣ ላግዝህ ብዬ እኮ ነው።»

«አልፈልግም አልኩሽ!»

እሳቸው ስላላነሱ ራሱ ሊያነሳ ቀኝ እጁን ላከ። ጨመቀ፣ አመለጠችው፤ እንደገና ጨመቀና ነቅሎ ወረወራት። እሳቸው ሌላ ሰኩ። ነቀለ። ሰኩ፣ ነቀለ። ባለሙያዋ «ኧረ ተዉ!» ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ መልሳ ዘጋችው፤ መቁጠር ጀምራ ነበርና። ሃያ ስድስት ጊዜ ነቀለ። በሦስት ሳምንት ልመና ያላገኘችውን በአንድ ኩርፊያ አገኘችው።

ከዚያ ወዲያ «እማማ፣ እንደፈለጉ ያግዟቸው» አለቻቸው። ወይዘሮዋ ዓለማቸውን አዩ።

ሐሙስ ዕለት ግን ወንድማቸው የሰኩትን ሁሉ እየሳቀ ሲነቅል እጃቸው ቀስ አለ። ተነስተው ወደ ባለሙያዋ ጠጋ አሉ።

«ሊሄድብኝ ነው አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«እሱ እስኪመጣ ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነው ምሳ የበላሁት» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። ባለሙያዋ ያ ሁሉ ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት። ወይዘሮዋ ተመልሰው ሄዱና የመቆንጠጫውን ሳጥን አገላብጠው፣ እጁ ይበልጥ እንዲበረታ፣ ሽቦአቸው ጠንከር ያሉትን እየመረጡ ይሰኩለት ጀመር።

የፈተናው ቀን ሐኪሙ መጣ። ልብስ ሰፊው መስታወት ፊት ተቀምጦ መቆለፍ ሲጀምር፣ ወይዘሮዋ ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡባቸው። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ቁልፍ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቀዳዳ ታጣ። ከላይ አንዱን ዘሎት ኖሯል፣ ሸሚዙ ተንጋዷል።

የባለሙያዋ እጅ ሳታስበው ወደ ሸሚዙ ተዘረጋ። ወይዘሮዋ አንድ እጃቸውን አውጥተው እጇን ቸብ አደረጓት።

«ተይው! ልብስ ሰፊ እኮ ነው፣ ያየዋል።»

አየው። በረጅሙ ተነፈሰና ከታች ጀምሮ ይፈታ ገባ። ከዚያ አንድ በአንድ ሰባቱንም መልሶ ቆለፈ። ሐኪሙ «በቃ፣ ወደ ቤትዎ» ሲል ታካሚዎቹ ሁሉ አጨበጨቡ። ወይዘሮዋ ብቻ አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን መልሰው ከጭናቸው ሥር ከትተው፣ እንባቸው እስከ አገጫቸው ሲወርድ እንኳ ሊጠርጉት አላወጡትም።