ኮምፒውተር ያፈጠንኩባቸው ሴት

አንድን ዕቃ ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ ማሠራት እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን የሁለት ቀን ዜና የምንጨምርበት ሰዎች ነን። አርባ አምስት ሰው ይጭናል ተብሎ በተጻፈበት አውቶቡስ ስልሳ ሰባተኛ ሆነው ገብተው፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ መሀሉ ባዶ ነው» ሲል ሰምተው አያውቁም? እኔ በበኩሌ ከኮረም ሰቆጣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ አንድ እግሬን ብቻ አሳርፌ የተጓዝኩበት ጊዜ አለ፤ ሌላው እግሬ የት እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንግዲህ ፈረንጅ ለዚህ ጠባያችን ስም አውጥቶ፣ በሥዕል አስደግፎ ሲጽፍበት ባይ መገረሜን አይፍረዱብኝ። ኦቨርክሎክ ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነችው ፕሮሰሰር ፋብሪካው በወሰነላት ምት ትሠራለች። ምቱን ከፍ ካደረጉላት ትፈጥናለች። አብዝተው ከፍ ካደረጉት ትግላለች፤ ከጋለች ትደነዝዛለች፤ ከዚያ ካለፈ አፈር ትሆናለች። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ባሕር ዳር የሚማር ጓደኛዬ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከላከልኝ አምስት ወረቀት ነው። ስድስተኛው ወረቀት አልደረሰኝም። ኋላ ሳስበው ዋናው ቁም ነገር እሱ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ጊዜው የእኛ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ሰቆጣ የገባሁ የሃያ አራት ዓመት የፕላን ባለሙያ ነበርኩ። የሦስት ወር የኮምፒውተር ሠርተፍኬት ስለነበረኝ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሶኬት የተሰካበት ዕቃ ሁሉ የእኔ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያችን ሥር ያለን ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ክልል ሲሰለቸው ለእኛ ያወረደልን። የሚጽፉበት ደግሞ እትዬ ትርንጎ ነበሩ።

እትዬ ትርንጎ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ታይፕራይተር መትተዋል። በወጣትነታቸው ሲመቱ ከበር ውጭ የቆመ ባለ ጉዳይ ከድምፁ ብቻ ተቆጥተው እንደሆነ ያውቅ ነበር ይባላል። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ግን ያ ድምፅ ቀረ። አንድ መስመር ጽፈው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ፊደሉ ከዚያ በኋላ ፍየል ከገደል እንደምትወጣ አንድ በአንድ ብቅ ይላል። ከዝቋላ ወረዳችን ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተው ደብዳቤ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ከኋላቸው ቆመው «መጣ፣ ይኸው መጣ» እያሉ ይቆጥሩላቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ። አዲስ የሠራተኛ ምደባ ሊደረግ ነው፤ ጸሐፊዎች በኮምፒውተር ፍጥነት ይፈተናሉ፤ ያለፈ በቦታው ይጸናል፣ የወደቀ ወረዳ ይመደባል። ክፍት የነበረው ቦታ ሰሃላ ነው። ዛሬን አያድርገውና ያኔ ሰሃላ መሄድ ማለት መኪናው አንድ ቦታ ላይ አውርዶዎት ቀሪውን በእግርዎ ነው። እትዬ ትርንጎ ደግሞ አልጋ የያዙ፣ ከኽምጣና ሌላ ቋንቋ የማያውቁ እናት አሏቸው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሮጠው ሄደው አብልተው፣ አገላብጠው ይመለሳሉ። ከወደቁ ወይ እናታቸውን ትተው መሄድ፣ ወይ ሥራቸውን መልቀቅ ነው።

አንጀቴን በሉኝ። እኚህን የመሰሉ ባለ ሙያ አንድ ደካማ ብረት ሊያዋርዳቸው አይገባም ብዬ ተነሳሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

የወረቀቱ የመጀመሪያ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ጀማሪ ከሆንክ ምቱን አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርግ፣ ሙሉ ቀን አሠርተህ ተመልከት፣ ደህና ከሆነ ብቻ ወደሚቀጥለው ሂድ። እኔ ሠርተፍኬት ያለኝ ሰው ነኝ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወረቀቱ ያላትን ቁልፍ ተጭኜ ምቱ ወደሚቀየርበት ሰማያዊ ገጽ ገባሁና ምቱን ከስልሳ ስድስት በአንድ ጊዜ መቶ አደረግኩት።

ጨለመ። ስክሪኑም ጨለመ፣ የእኔም ዓይን ጨለመ። የመንግሥት ንብረት ገድዬ ደብረ ማርቆስ ለቤተሰቦቼ ምን እንደምል ማሰብ ጀመርኩ። ወረቀቱን ሳገላብጥ፣ እንዲህ ከሆነ ውስጥ ያለችውን ክብ ባትሪ አውጥተህ ቆይተህ መልሳት ይላል። አውጥቼ፣ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ መለስኳት። ተነሳ! ተነሳ፣ ግን ዘመኑን ረስቶ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። የፈረንጁ ቀን ሁልጊዜ የሚያናድዳቸው ኃላፊያችን በማግስቱ አይተው «ጎበዝ፣ አሁን ገና የእኛን አቆጣጠር አስለመድከው» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሆንኩ። አንድ ደረጃ፣ አንድ ቀን። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቀትር ሲሆን፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቆማል። ብከፍተው የሰቆጣ አቧራ ማራገቢያው ላይ ሊጥ ሆኖ ተለጥፏል። በዚያ ላይ እትዬ ትርንጎ ለክብሩ ብለው የሠሩለት ዳንቴል፣ ከሥሩ ደግሞ ላስቲክ፣ በሥራ ሰዓት እንኳ አይነሳለትም ነበር። እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነው ለካ የሚሠራው። ዳንቴሉን በስንት ልመና አስነሳሁ፤ አቧራውን በጺም ብሩሼ ጠረግኩ፤ ውስጡ የሞላውን የፋይል ኮተት ከነኃላፊያችን የካርታ ጨዋታ አጠፋሁ። ኮምፒውተሩ ሌላ ሆነ። ፊደሉ ጣት ሳይነሳ ይወጣል።

ያን ሳምንት እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው ሰቆጣ ውስጥ አልነበረም። የተቸገሩት ኃላፊያችን ብቻ ናቸው፤ ለባለ ጉዳይ ሁሉ «ኮምፒውተሩ ነው የዘገየው፣ ነገ ና» ማለት ስለቀረባቸው «ቀለም አልቋል» ወደሚለው ተዛወሩ። እትዬ ትርንጎ ግን ዝም አሉ። በደስታ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሱም። እናታቸው እየጠበቋቸው መሆኑን አውቃለሁና ደነገጥኩ። ቁጭ በል አሉኝና ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሌባ ጣታቸውና መሀል ጣታቸው አይታጠፉም። ሃያ ሁለት ዓመት ሦስት ካርቦን በስቶ የሚያልፍ ምት የመታ እጅ ነው።

«ይኸው ሁለት ዓመቷ አልታጠፍም ካለች» አሉ። «እሱ ሲያዘግም እኔም አብሬው አዘግም ነበር፣ የኔ ወንድም። ሰው የሚያየው እሱን ነው። አሁን አንተ አፈጠንከውና እንደው የቀረሁት እኔ ብቻ ሆንኩ።»

እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«ደስ ብሎህ ነበራ» አሉኝ።

እጅግ አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ የኮምፒውተሩን ሙቀት ስለካ፣ ያን እጅ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ይቻላል አልኩ፤ እናታቸውን አብልተው እስኪመለሱ ሰማያዊውን ገጽ ከፍቼ ጠበቅኳቸው።

ወደ ድሮው ቁጥር መለስኩት። ኮተቱን አጥፍቼለት ነበርና እንደ ድሮው አልዘገየም፤ አሁንም ጣታቸው ስትቆም ስክሪኑ ያሳብቃል። እጅግ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ፊደሉ መንገድ ላይ የቀረ መሰለ፤ ይህን ያየ ፈታኝ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ያስመጣል። አንድ ደረጃ ከፍ፤ ይጻፉ፤ እንይ። በማግስቱም ቀኑን ሙሉ እሳቸው እየመቱ፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ ጣታቸውንና ስክሪኑን እያየሁ ዋልን። በመጨረሻ ጣታቸው ስታርፍ ፊደሉ ገና የሚመጣበትን፣ እሱ ሲደርስ እሳቸው የሚነሱበትን ቦታ አገኘነው። ያ ወረቀት ያዘዘውን ሁሉ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በትዕግሥት የፈጸምኩት ለማዝገም ነው።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ስክሪን ያያል። እትዬ ትርንጎ ጀመሩ። እኔ በመስኮት በኩል ቆሜ ልቤ ከእነሱ ሰዓት በላይ ይመታል። «አበቃ» ሲባል እጃቸውን አነሱ፤ ፊደሉ ግን መምጣቱን ቀጠለ። ስክሪን ያዡ ጎንበስ ብሎ እያየ «ቆይ፣ ገና እየመጣ ነው» አለ። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያም ቃል በቃል የማስታውሰውን ነገር ጻፉ፦ ሠራተኛዋ ከመሣሪያው አቅም በላይ ፈጣን ስለሆኑ በቦታቸው ይጽኑ።

ማታለል ነው ካሉኝ አልከራከርዎትም። እኔም እየተናዘዝኩ ነው። ግን ያን ቀን በምሳ ሰዓት እትዬ ትርንጎ ወደ እናታቸው ሲሄዱ እንደወትሮው አልሮጡም፤ ቀስ ብለው ነው የሄዱት። ያን ሳስታውስ ኑዛዜዬ ይላላብኛል።

መከራው ፈታኞቹ ከጻፉት ደብዳቤ ሁለተኛ አንቀጽ መጣ። ለእንዲህ ያሉ ፈጣን ሠራተኛ ዘመናዊ ኮምፒውተር በአስቸኳይ እንዲሰጣቸው ይላል። እኛ አገር «በአስቸኳይ» የተባለ ነገር በሰዓቱ የደረሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ወር ካርቶኑ በፒካፕ መጣ። ሰው ተሰብስቦ እንኳን ደስ ያለዎት አላቸው፤ ኃላፊያችን አጭር ንግግር አደረጉ።

ሰው ሲበተን እትዬ ትርንጎ ጠጋ ብለው «የዚህንስ ማዝገሚያ ታውቅበታለህ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ኮምፒውተሩን አስነስቼ ቁልፏን ተጫንኩ። ይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የሚያውቀው የላኩት ሰዎች ብቻ ናቸው። ይኼኛው አይከፈትልኝም አልኳቸው፤ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ወለል ወለሉን እያየሁ።

እትዬ ትርንጎ ወንበራቸውን ሳቡ። ጽሑፉ የሚጀመርበት ቦታ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ጥቂት አዩዋትና ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«እንግዲያማ እሱ ይጠብቀኛ» አሉ።

ጡረታ እስኪወጡ አራት ዓመት ጠበቃቸው። ሲያማርር አልሰማሁም።