የብኸይታ ጥርስ ያረፈበት ወርቅ

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ አደራ ካስቀመጠ በኋላ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ሰጥቶም ያልሰጠ፣ ተቀምጦም የቆመ። እናንተ ሰፈር ስሙ ማን እንደሆነ አላውቅም። እኛ አሶሳ ብኸይታ ትባላለች።

እኔ ምንውየለት ከመተከል ደጋ ለንግድ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ፣ ዳዊት የደገምኩ፣ ለነጋዴ ደብዳቤ የምጽፍ፣ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ጨዋታ የምወድ ሰው ነኝ። ሌላው ሰው ክብርት ብኸይታን ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። እኔ መቀመጫ አቀርብላታለሁ። እሷም አትቀመጥም።

ልማዱን ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ ሴቶቹ በጋውን ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ ይከርማሉ። ያገኙትን ብናኝ በአሞራ ላባ ባዶ አገዳ ውስጥ ይጨምሩና አፉን በሰም ይደፍኑታል፤ ከዚያ ሐጂ ዐብዱልቃድር ዘንድ ያስቀምጡታል። ሐጂ በወርቁ ይነግድበታል፣ የግመል ቅፍለቱን ወደ ሱዳን ይሰድበታል፤ የወርቁ ባለቤት በጠየቀች ጊዜ ግን ያንኑ ያህል ይመልሳል። ቅፍለቱ በሚመለስበት ወራት ደግሞ ለእያንዳንዷ አንድ ቅል ጨው ይሰፍርላታል። ይህን ወለድ ብሎ የጠራ ከሐጂ ደጅ በዱላ ይወጣል፤ ወለድ ሐራም ነው። ስሙ ሀዲያ ነው፣ ስጦታ። ስጦታ መሆኑንም ሁሉም ያምናል፤ አንድ ዓመት እስኪጎድል ድረስ።

ሌሎቹ ሴቶች ሰሙን በጣታቸው ይጫኑታል። ብኸይታ ትነክሰዋለች። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም፤ ስለዚህ በሰሙ ላይ የሚቀረው ምልክት መሀሉ ክፍት የሆነ አጥር ይመስላል። የሹም ማኅተም አስመስሎ የሚቀርጽ አይጠፋም፤ የብኸይታን ንክሻ የሚያስመስል ግን ገና አልተወለደም።

ታዲያ ነክሳ ሰጥታ አረፈች? በየገበያው ቀን ገና አንድ ሽንኩርት ሳትገዛ ሐጂ ደጅ ትቆማለች።

«ወርቄ ደህና አደረ?»

«ደህና አደረ፣ ኡም ኢንዓም» ይላል ሐጂ። በልጇ በኢንዓም ስም መጥራቱ ነው፤ ከተቆጣች ይህ ስም ያበርዳታል ብሎ ያምናል።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«መቼ?»

አምና ሐምዳን የሚባል ነጋዴ ከቶንጎ መጥቶ ቅል ተኩል እሰጣለሁ ብሎ አስወራ። የእኛዋ እመቤት ቤቱን ልትመረምር ሄደች። ግድግዳውን በጡጫ መታች፣ ሣር ክዳኑን ሳበች፣ የሣጥኑን ቂጥ ዳሰሰች፣ ሚስቱን ማታ የሚያንኮራፋ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥታ ፍርዷን ሰጠች። «አይሆንም። በሩ አይጮህም። ሌባ ሲገባ በምን ይሰማል?» ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐጂን በር በየሳምንቱ ከፈት ዘጋ እያደረገች ጩኸቱን ታዳምጣለች።

ቁጣዋ ሲብስ «አውጣልኝ! ነገ አወጣዋለሁ!» ትላለች። ነገ ሲመጣ፣ በር ከፈት ዘጋ፣ «ወርቄ ደህና አደረ?»

ዘንድሮ ግን ቅፍለቱ ዘገየ። መንገድ ላይ ሽፍታ አለ ተባለ፣ ግመሎቹ አለቁ ተባለ፤ የሚያውቅ የለም፣ የማያወራም የለም። ሐጂ በጓዳው ካለችው ጨው ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ቅል ሰፈረ።

ብኸይታ ቅሏን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ምንውየለት፣ እየው። ይሄ ሙሉ ነው?»

«ግማሽ ነው።»

«ወርቄ ግማሽ ነው?»

«ወርቅሽ ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ጨው ለምን ግማሽ? ጨው ከቀነሰ ወርቅም ቀንሷል። ተነስ!»

«ምን ልሠራ?»

«አንተ የተማርክ ነህ። አጠገቤ ቁም፣ ዝም በል።»

ከትምህርቴ ያተረፍኩት ይህን ሥራ ነው። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የኢንዓም ሠርግ ከረመዳን ጾም ማግሥት ነው፤ ጉትቻዋ የሚሠራው ከዚያ ወርቅ ነው፤ ብኸይታ ሌላ ወርቅ የላትም። ወንዝ ውስጥ ስታጎነብስ የኖረችው ለዚያ ጉትቻ ነው።

በመንገዳችን ከወርቅ አጣቢዎቹ አንዷ ማሪያም አየችን። «የት ነው?» አለች። «ላወጣ!» አለች ብኸይታ። ማሪያም ማድጋዋን አስቀምጣ ተከተለች። ሌላዋ አጣቢ ዓኢሻ ማሪያምን አይታ ተከተለች። ሐጂ ደጅ ስንደርስ ከኋላችን የወንዙ ሴቶች በሙሉ ነበሩ፣ ሁሉም በአንድ አፍ «አውጣልን!» እያሉ።

ሐጂ ወጥቶ አያቸው። ፊቱ አመድ መሰለ። ወርቃቸው የት እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ ከቅፍለቱ ጋር ነው። አንዷን ነገ ነይ ቢል ሌሎቹ ቤቱን በላዩ ላይ ያፈርሱታል።

«አንቺ ቅደሚ፣ ኡም ኢንዓም» አለ ቀስ ብሎ። ብኸይታና እኔ ገባን። በሩ ጮኸ።

ከሣጥኑ ሥር አንድ እስር ላባ አውጥቶ ሰጣት። ብኸይታ አንዱን አየች፣ አገላበጠች፣ ሌላውን አነሳች። ሁሉም ላይ ያ ክፍት አጥር አለ። የቆየው ሰም አቧራ ለብሷል እንጂ አልተነካም።

«ይሄ የኔ ጥርስ ነው» አለች።

«ያንቺ ነው።»

«አልነገድክበትም?»

«እንዴት ብዬ?» አለ ሐጂ፣ ላቡን እየጠረገ። «በየገበያው ቀን እየመጣሽ አየኸው፣ መቼ አየኸው ትይኛለሽ። ለመክፈት ባነሳሁት ቁጥር በሩ የጮኸ ይመስለኛል። ፈራሁሽ፣ እኅቴ።»

«ጨውስ? ለምን ሰጠኸኝ?»

«ለሁሉ ሰጥቼ አንቺን ልተውሽ? በሕይወት ልኑር እንጂ!»

ብኸይታ እስሩን በሁለት እጇ ያዘች። ዓይኗ ከላባው ወደ ሐጂ፣ ከሐጂ ወደ በሩ ተንከራተተ። ወስዳው ብትወጣ የኢንዓም ጉትቻ በእጇ ነው። ከእሷ ቀጥሎ የምትገባው ማሪያም ደግሞ ባዶ ሣጥን ታያለች። ውጭ «አለ? ወርቁ አለ?» እያሉ በሩን ይደበድባሉ።

ብኸይታ በሩን በርግዳ እስሩን ከራሷ በላይ አነሳችው።

«እዩ! የኔ ጥርስ ነው! አልተነካም!»

ሴቶቹ ተጠጉ፣ ንክሻውን አዩ፣ ዳሰሱ። የእሷ ካልተነካ የማን ይነካል? ብኸይታም ስለ ሌላው ወርቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ዞር ብላ እስሩን በሁሉም ፊት መልሳ ሐጂ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«መልሰህ አስቀምጥ። ጨው ግን ቀንሰሃል!»

ማሪያም ማድጋዋ ትዝ አላት። ዓኢሻ ማሪያምን ተከተለች። ደጁ ባዶ ሆነ፤ ሐጂም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ብኸይታ ግን ቅፍለቱ እስኪመጣ አልተቀመጠችም። ሌት ተቀን በሱዳን መንገድ ላይ ስትመላለስ የከረመች እሷ ናት፤ ስጠይቃት «እግሬን ላፍታታ ነው» ትለኛለች።

ግመሎቹ ከስተው፣ ግን ሳይጎድሉ መጡ። ሐጂ የጎደለውን ጨው ለሁሉም ሞላ። ኢንዓም ጉትቻዋን አድርጋ ተዳረች፤ ከዚያ ወርቅ የተረፈ አንዲት ብናኝ የለም።

ብኸይታ አሁን ሐጂ ዘንድ ምንም የላትም። ይሁንና በየገበያው ቀን ትመጣለች። በሩን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ «ወርቅ ደህና አደረ?» ትላለች። የማን ወርቅ ብሎ የጠየቃት የለም። አንድ ገበያ ብትዘገይ ሐጂ ደጁ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል፤ እኔም እንደ ዋዛ ብቅ እላለሁ። ስትደርስ ቅሏን ተቀብሎ አፉ ድረስ ጨው ይሞላላታል። ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች፣ ታዘነብለዋለች፣ ያ የጎደለ ጥርሷ ይታያል።

«ቀንሷል» ትላለች።

ሐጂም አንድ ጭብጥ ይጨምራል።